የባሕሩ ጠባቂ ማን ነው? የኮራል ሪፍ ጥበቃ ትምህርትና የሁለት ደሴቶች ታሪክ

መግቢያ

የባሕር በር በሌላት አገር ለሚማሩ ወጣቶች ስለ ኮራል ሪፍ መጻፍ ምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ በአንባብያን አእምሮ ሊነሣ እንደሚችል እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለት ክፍል አለው።

የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በገዛ መሬታችን ላይ ነው። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውኃ የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ሸፍኖት በነበረበት ዘመን፣ በውኃው ዳርቻ ኮራሎች ያድጉ ነበር። በኋላ መሬቱ ከባሕሩ ተለየ፤ ውኃው በፀሐይ ተንኖ አለቀ፤ ጨውም ቀረ። የኮራሎቹ ዐፅም ግን ድንጋይ ሆኖ በዳናክል ጨው ሜዳ ዳርና ዳር እስከ ዛሬ ድረስ ይታያል። አሞሌ እየተጠረበ በግመል የሚጫንበት ያ በረሃ በአንድ ወቅት በሕይወት የተሞላ የባሕር ሰፈር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይሰፋል። የኮራል ሪፍ ጥበቃ ታሪክ በመሠረቱ የትምህርት ታሪክ ነው። በቤተ ሙከራ የተገኘ እውቀት እንዴት አድርጎ ወደ ዓሣ አስጋሪው ጀልባና ወደ ተማሪው ደብተር ይገባል? ገብቶስ ሥራ ላይ የሚውለው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ባሕር ያለውንም የሌለውንም አገር ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ በፊሊፒንስ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ ደሴቶችን ታሪክ በማነጻጸር ለጥያቄው መልስ እንፈልጋለን። አስቀድመን ግን ኮራል ምን እንደ ሆነና ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ከፊዚክስ አንጻር ባጭሩ እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ኮራል ምንድን ነው?

ኮራል ብዙ ሰዎች እንደሚመስላቸው ድንጋይ ወይም ተክል አይደለም፤ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ፖሊፕ ተብሎ ይጠራል። የአብዛኞቹ መጠን ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ፖሊፑ በባሕር ውኃ ውስጥ ከሟሙት ንጥረ ነገሮች ካልስየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ፣ እየሠራ ለራሱ እንደ ጽዋ ያለ መቀመጫ ያበጃል። ብዙ ሺህ ፖሊፖች ጎን ለጎን ተያይዘው ሲሠሩ፣ የሞቱትም ባስቀሩት ዐፅም ላይ አዲስ ትውልድ ሲገነባ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሪፍ የሚባለው ትልቅ የድንጋይ ግንብ ይፈጠራል።

ፖሊፑ ግን ይህን ሁሉ ሥራ ብቻውን አይሠራም። በሥጋው ውስጥ ዞዛንተሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ይህም ሂደት ብርሃን አስተጻምሮ ወይም ፎቶሲንተሲስ የምንለው ነው። ፖሊፑ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን የሚያገኘው ከእነዚህ ተከራዮቹ ነው። እርሱ ደግሞ በምላሹ መጠለያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣቸዋል። የኮራል ቡናማ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ቀለምም በአብዛኛው የአልጌዎቹ ቀለም ነው። ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲያስታውሱት እንፈልጋለን፤ ኋላ ላይ ቀለሙ ራሱ የመለኪያ መሣሪያ ሆኖ እናገኘዋለንና።

ሪፍ የሚሠሩ ኮራሎች ጥልቀት በሌለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ የሚኖሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃን ወደ ውኃ ሲገባ ከእያንዳንዱ ሜትር በኋላ የተወሰነው እጅ እየተቀነሰ ይሄዳል። ቅነሳው ለሁሉም ቀለም እኩል አይደለም። ቀይ ብርሃን ቶሎ ይመጠጣል፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ከቀዩ ብርሃን የሚተርፈው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ሰማያዊው ግን በንጹሕ ውኃ ውስጥ በብዙ አሥር ሜትሮች ወደ ታች ይዘልቃል። ውኃው በደለል ከደፈረሰ ደግሞ ሁሉም ቀለም በአጭር ርቀት ያልቃል፤ አልጌው ብርሃን ያጣል፤ ኮራሉም ይራባል።

ሪፎች ከዓለም የባሕር ወለል የሚሸፍኑት ከ1 በመቶ ያነሰ ቦታ ነው። ነገር ግን ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በአንዱ ወቅት በሪፍ ይጠለላሉ። ሪፍ ለባሕር ዳር መንደሮች የማዕበል መከላከያ ግድብም ነው። በ2014 የታተመ፣ በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተካሄዱ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ሪፍ ወደ ዳርቻ የሚመጣውን የማዕበል ኃይል በአማካይ 97 በመቶ ይቀንሳል።

ሩቅና ቅርብ ጉዳቶች

በኮራል ላይ የሚደርሱትን ጉዳቶች በሁለት ከፍለን ማየቱ ለትምህርት ይጠቅማል። እነርሱም ከሩቅ የሚመጡና በቅርብ የሚሠሩ ናቸው።

ከሩቅ ከሚመጡት ዋነኛው ሙቀት ነው። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃን በ1 ዲግሪ ሴልስየስ ለማሞቅ 4 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ይህ ኃይል ያንኑ አንድ ቶን ውኃ 400 ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ነው። ስለዚህ «ባሕሩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ሞቀ» ሲባል ትንሽ ነገር የተነገረ ሊመስለን አይገባም። ባሕሩ ከወትሮው የበጋ ሙቀት ጣሪያ በ1 ዲግሪ ከፍ ብሎ ለጥቂት ሳምንታት ከቆየ በፖሊፑና በአልጌው መካከል ያለው ስምምነት ይፈርሳል። አልጌዎቹ ከፖሊፑ ይወጣሉ፤ የኖራው ነጭ ዐፅምም በሚያሳልፈው ሥጋ ሥር ይገለጣል። ይህ የኮራል ንጣት ይባላል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል፤ ከቆየበት ግን በረሃብ ይሞታል።

ተመራማሪዎች ይህን ጉዳት የሚለኩት የሙቀቱን ልክ ከቆይታው ጋር በማባዛት ነው። ለአካባቢው በጣም ሞቃት ከሆነው ወር አማካይ ሙቀት በ1 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚበልጠውን ትርፍ በየሳምንቱ ይመዘግቡና የ12 ሳምንቱን ይደምራሉ። መለኪያው «ዲግሪ-ሳምንት» ነው። ድምሩ 4 ሲደርስ ንጣት ይጠበቃል፤ 8 ሲደርስ ደግሞ ብዙ ኮራል የሚሞትበት አደጋ አለ። በዚህ መንገድ በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 ዓለም አቀፍ ንጣት ተመዝግቧል። በ2023 የጀመረውና በሚያዝያ 2024 በይፋ የተገለጸው አራተኛው ክስተት ደግሞ ከሁሉም የሰፋ ሆኖ ከዓለም ሪፎች ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ለንጣት የሚያበቃ ሙቀት አድርሷል።

በቅርብ የሚሠሩት ጉዳቶች በመንደሩ ነዋሪ ዓይን የሚታዩ ናቸው። ድማሚት እያፈነዱ ዓሣ መግደል፣ ዓሣን በሲያናይድ ማደንዘዝ፣ ጫጩቱንም ሳይቀር የሚይዝ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ መጠቀም፣ ከተራቆተ ተራራ የሚመጣ ደለልና ከመንደር የሚወጣ ቆሻሻ በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በሙቀቱ ላይ አንድ መንደር ብቻውን ሥልጣን የለውም። በእነዚህ ላይ ግን አለው፤ የኅብረተሰብ ትምህርትም መጀመር ያለበት ሰው ሥልጣን ካለው ነገር ነው።

ሱሚሎንና አፖ

በማዕከላዊ ፊሊፒንስ፣ በኔግሮስ ደሴት፣ ዱማጌቴ በምትባል ከተማ ሲሊማን የተባለ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያ ያስተምር የነበረው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ አንሄል አልካላ (1929–2023) በአካባቢው ያሉ ሪፎች በድማሚትና በመረብ ሲፈርሱ፣ የአስጋሪዎቹም ጀልባ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀለለ ሲመለስ ተመለከተ። እርሱና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሐሳብ በአነጋገሩ ቀላል ነበር። ከሪፉ ጥቂቱ ይከለልና ማንም ዓሣ አይያዝበት። በተከለለው ቦታ ዓሣው ያድጋል፤ ይራባል፤ ሞልቶም ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ አስጋሪውም ከውጭ ሆኖ ይጠቀማል።

ሐሳቡን ለአስጋሪ መንገር ግን ቀላል አይደለም። የዕለት ጉርሱን ከባሕር ለሚያወጣ ሰው «ከምታሰግርበት ቦታ ቀንስ፣ ዓሣህ ይጨምርልሃል» ማለት እህል ለቸገረው ገበሬ «እርሻህን አጥብብ» እንደ ማለት ነው። ክልከላው የሚያስከትለው ችግር ዛሬ የሚሰማ ሲሆን፣ ጥቅሙ የሚታየው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው። ልጆቹን በዚያ ዓሣ ለሚያሳድግ አባት ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም።

የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው በ1974 በሴቡ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ በምትገኘው በሱሚሎን ነበር። ከደሴቲቱ ሪፍ ሩብ ያህሉ ተከለለ። በአሥር ዓመት ውስጥ ዓሣው በዛ፤ ከክልሉ ውጭ የሚሠሩት አስጋሪዎችም የሚይዙት ጨመረ። ይሁን እንጂ ሱሚሎን ነዋሪ ያልነበረባት ደሴት ናት፤ አስጋሪዎቹ የሚመጡት ከሌላ ቦታ ነበር። ክልከላው የቆመው በዩኒቨርሲቲውና በመንግሥት ደንብ ትከሻ ላይ ነው። በ1984 የአካባቢው አስተዳደር ሲለወጥ ጥበቃው ፈረሰ፤ በተከለለው ቦታም በድማሚትና በመረብ መሥራት ተጀመረ።

የተከተለው ነገር ለአካባቢው አስጋሪዎች መከራ፣ ለሳይንስ ግን ማስረጃ ሆነ። አልካላና አውስትራሊያዊው ባልደረባው ጋሪ ራስ በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚሰገርበት ቦታ ከሰፋ በኋላ ከደሴቲቱ የሚገኘው ጠቅላላ የሪፍ ዓሣ በ54 በመቶ መቀነሱን አሳዩ። ቦታው ሰፋ፤ ምርቱ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ክልሉ በእርግጥ ውጭውን ይመግብ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ማግኘት አይቻልም።

ሁለተኛይቱ ደሴት አፖ ትባላለች። ከሱሚሎን በተለየ ሰው የሚኖርባት የአስጋሪዎች ደሴት ናት። ስፋቷ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1979 ገደማ ጀምረው ወደ ደሴቲቱ እየተመላለሱ ሲያስተምሩ በመጀመሪያ ያገኙት ጥርጣሬን ነው። አስጋሪዎቹ ንግግሩን ሰሙ፤ አላመኑም። ነገሩን የለወጠው ሌላ ንግግር ሳይሆን ጉዞ ነበር። የአፖ አስጋሪዎች ወደ ሱሚሎን ተወስደው፣ በዚያን ጊዜ ገና ያልፈረሰውን ክልል በገዛ ዓይናቸው ተመለከቱ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ባሕር ውስጥ ያደገ ሰው ዓሣ ሲበዛና ሲያንስ ለማወቅ የሚተረጉምለት ምሁር አያስፈልገውም።

ከሦስት ዓመት ያህል ውይይት በኋላ፣ በ1982፣ ጥቂት ቤተሰቦች በደሴቲቱ ዳርቻ 450 ሜትር ርዝመት ያለውን ሪፍ ለመከለል ተስማሙ። ይህም ከደሴቲቱ የማስገሪያ ቦታ 10 በመቶ ያህል ነው። የቀሩት ነዋሪዎች ይጠባበቁ ነበር። በክልሉ ዳር የሚሠሩት አስጋሪዎች የሚይዙት ዓሣ እየጨመረ ሲሄድ እነርሱም በ1985 ገደማ ሐሳቡን ተቀበሉ፤ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤትም ደንብ አውጥቶ አጸናው። በደሴቲቱ ዙሪያ ሁሉ ድማሚት፣ መርዝና ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ተከለከሉ፤ ጥበቃውንም የሚያካሂዱት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሆኑ።

ውጤቱ ለረጅም ጊዜ ተለክቷል። ከ1983 እስከ 2001 ድረስ ባሉት 18 ዓመታት በክልሉ ውስጥ ለምግብ ከሚፈለጉት የዓሣ ወገኖች ሁለቱ በክብደት ሦስት እጥፍ ሆኑ። ለማስገር ክፍት በሆነው ቦታ ግን ጠቅላላ መጠናቸው ብዙም አልተለወጠም፤ የታየው ጭማሪ ለክልሉ ድንበር ቅርብ በሆነው ውኃ ነበር። በመንጠቆ የሚሠራ አስጋሪ በተመሳሳይ ድካም የሚያገኘው ከቀድሞው በ50 በመቶ ያህል ጨመረ፤ በመንጠቆ የሚደረገው ጠቅላላ ድካም ደግሞ በ46 በመቶ ቀነሰ። ባጭሩ የአፖ ሰው እየሠራ ያለው ያነሰ፣ እያገኘ ያለው ግን ያላነሰ ሆነ።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

በሁለቱም ደሴቶች የነበረው ሳይንስ አንድ ነው፤ ተመራማሪዎቹም አንዶቹ ናቸው። አንዱ ክልል በአሥር ዓመቱ ፈረሰ፤ ሌላው ጸና። ለልዩነቱ ምክንያት የሚሆኑትን ከትምህርት አንጻር በሦስት ነጥቦች ጠቅለል አድርገን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በአፖ እውቀቱ ከነዋሪው ጋር ያድር ነበር። ክልሉ ከቤታቸው ደጃፍ ይታያል፤ ደንብ የሚጥስ ጀልባ ሲመጣ የሚያየው የጠባቂው ልጅ ነው። በሱሚሎን ግን ክልሉን በየቀኑ የሚያይ ባለቤት አልነበረም። ይህን ስንል ትምህርት ብቻውን ሁሉን ያደርጋል ማለታችን አይደለም። የቦታው አቀማመጥና የነዋሪነት መብትም ድርሻ አላቸው።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በንጽጽር የቆመ ነበር። በፊዚክስ አንድን ለውጥ ለማወቅ የማይለወጥ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ሱሚሎን ለአፖ አስጋሪዎች ማነጻጸሪያ ሆነችላቸው። «ሪፍ ጠቃሚ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ከመስማት ይልቅ የተጠበቀውንና ያልተጠበቀውን ሪፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማየት የበለጠ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው በትንሽ ተጀመረ። ከማስገሪያው ቦታ የተከለለው አንድ አሥረኛው ነው። ሙከራው ባይሳካ አስጋሪው የሚያጣው ነገር የተወሰነ ነበር። ሙከራ ማለትም ይኸው ነው፤ ስህተት ሊሆን እንደሚችል እያወቁ ሊሸከሙት በሚችሉት መጠን መጀመር።

በእነዚህ ምክንያቶች አፖ ትምህርት ቤት ሆነች። የሌሎች መንደሮች አስጋሪዎች ልክ የአፖ ሰዎች ወደ ሱሚሎን እንደ ሄዱት ወደ አፖ እየመጡ ተመለከቱ። በፊሊፒንስ ዛሬ በየአካባቢው ኅብረተሰብና ማዘጋጃ ቤት የሚጠበቁ የባሕር ክልሎች ቁጥር ከአንድ ሺህ ይበልጣል።

በተማሪ እጅ ያለ መለኪያ

አስጋሪው በዓይኑ የሚያደርገውን ንጽጽር ተማሪ በቁጥር ሊያደርገው ይችላል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ኮራል ዎች የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። የፕሮግራሙ ዋና መሣሪያ የኮራል ቀለሞች የታተሙበት አንድ የፕላስቲክ ካርድ ነው። በካርዱ ላይ አራት የቀለም ወገኖች አሉ፤ እያንዳንዱም ወገን ከነጣው እስከ ደማቁ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ተሰጥቶታል። ተማሪው ካርዱን ከኮራሉ አጠገብ ይይዝና የኮራሉን በጣም የነጣውንና በጣም የደመቀውን ክፍል ቁጥር ይመዘግባል። በሌላ ጊዜ ተመልሶ ሲለካ ቁጥሩ በ2 ደረጃ ከተለወጠ በኮራሉ ውስጥ ያለው የአልጌ መጠን ተለውጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ የፊዚክስ ጥያቄ አለ። ከላይ እንዳየነው ውኃ ቀይ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ስለዚህ በ5 ሜትር ጥልቀት የሚታየው ቀለም በደረቅ መሬት ከሚታየው ይለያል። ታዲያ በውኃ ውስጥ ቀለምን እንዴት ማመን ይቻላል? መልሱ ካርዱና ኮራሉ በአንድ ብርሃን የሚታዩ መሆናቸው ነው። ብርሃኑ ቀይ ቢጎድለው ለሁለቱም እኩል ይጎድላቸዋል፤ ንጽጽሩም ሳይበላሽ ይቀራል። ጎበዝ ተማሪ ከዚህ አንድ ትልቅ የመለካት መርሕ ይማራል። መሣሪያውና የሚለካው ነገር በአንድ ሁኔታ ውስጥ ካሉ፣ የሁኔታው ጉድለት ይጣፋል።

በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሙከራዎች

ባሕር የሌላቸው ተማሪዎችም የሪፉን ችግር በጠረጴዛቸው ላይ ሊያዩት ይችላሉ። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ሙከራዎች በማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ሀ. ብርሃንና ድፍርስ ውኃ። በውኃ የተሞላ ትልቅ ብርጭቆ በእጅ ባትሪና በነጭ ወረቀት መካከል ያስቀምጡ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ አፈር ጨምረው ያማስሉና በወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይመልከቱ። ማንኪያውን እየደገሙ ለውጡን ይመዝግቡ። ብርሃን የሚለካ ተንቀሳቃሽ ስልክ ካለ ቁጥሩን በግራፍ ማሳየት ይቻላል። ተራራ ሲራቆት ሩቅ ያለው ሪፍ ለምን እንደሚጎዳ ሙከራው ያሳያል።

ለ. ውኃና አሸዋ በፀሐይ። በሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች እኩል ክብደት ያላቸው ውኃና ደረቅ አሸዋ ይጨምሩ። ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አድርገው በየ10 ደቂቃው በቴርሞሜትር ይለኩ። አሸዋው በፍጥነት ይሞቃል፤ ውኃው ዘግይቶ። ውኃ ለእያንዳንዷ ዲግሪ ብዙ ኃይል እንደሚወስድ ከዚህ ይረዳሉ።

ሐ. አቼቶና የእንቁላል ቅርፊት። የእንቁላል ቅርፊት እንደ ኮራል ዐፅም ከካልስየም ካርቦኔት የተሠራ ነው። አንዱን ስባሪ በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን በአቼቶ ውስጥ ለአንድ ቀን ያቆዩ። በአቼቶው ያለው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። መምህሩ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ባሕር አቼቶ አይደለም፤ ዛሬም ፒኤች 8.1 ገደማ ስለሆነ ቤዝ ነው። ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃው ሲሟሟ ፒኤቹ ካለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በፊት ከነበረበት 8.2 ገደማ ወርዷል። በዚህም ምክንያት ኮራል ዐፅሙን ለመሥራት የሚጠይቀው ድካም ይጨምራል። ሙከራው የሚያሳየው አቅጣጫውን እንጂ መጠኑን አይደለም።

መ. የባቄላ ጨዋታ። በአንድ ሳህን 40 ባቄላ ያስቀምጡ፤ ባቄላው ዓሣ ነው። አራት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ በየዙሩ የፈለጉትን ያህል ይውሰዱ። በዙሩ መጨረሻ በሳህኑ የቀረው በእጥፍ ይባዛል፤ ከ40 ግን አይበልጥም። ብዙ ጊዜ ሳህኑ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ባዶ ይቀራል። ከዚያ ተነጋግረው ደንብ እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸው ጨዋታው ይደገም። ይህ ጨዋታ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ለወላጆችና ለአካባቢ ሽማግሌዎችም ሊቀርብ ይችላል፤ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅምና።

ትምህርት የማይደርስበት ወሰን

አንባብያንን በተስፋ ብቻ ማሰናበት አንፈልግም። በታኅሣሥ 2011 እና በታኅሣሥ 2012 ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች አፖን መትተው፣ ለሠላሳ ዓመት የተጠበቀውን ክልል ኮራል ክፉኛ አፈራርሰውታል። ምንም ያህል የሠለጠነ ኅብረተሰብ ማዕበልን አይከለክልም። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድም የክልል ድንበር ሙቀትን አያግድም። መንግሥታት በጋራ ያቋቋሙት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሲጨምር ከሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት እንደሚጠፉ፣ በ2 ዲግሪ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፉ ገምቷል።

ታዲያ የመንደር ትምህርት ምን ይፈይዳል? ከጉዳት በኋላ የተራቆተው ድንጋይ በሣር መሰል አልጌ ይሸፈናል፤ አዲስ የኮራል ጫጩት የሚያርፍበት ቦታም ያጣል። ያንን አልጌ የሚግጡት ዓሦች ናቸው። ዓሣ የተጠበቀበት ሪፍ ስለዚህ የማገገም ዕድል አለው፤ ዓሣው ያለቀበት ግን የለውም። ጊዜውም አጭር አይደለም። አልካላና ራስ በ2004 ባወጡት ስሌት፣ ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ሙሉ በሙሉ እስኪመለሱ በሱሚሎን 15 ዓመት፣ በአፖ 40 ዓመት ያስፈልጋል። አርባ ዓመት ከአንድ ሰው የሥራ ዘመን ይበልጣል። ጅምሩን የሚፈጽመው ዛሬ በክፍል የተቀመጠው ተማሪ ስለሆነ፣ ሕፃናትን ማስተማር ለጥበቃው እንደ ጌጥ የሚጨመር ሳይሆን የጥበቃው አካል ነው።

ወደ ሐይቆቻችን ስንመለስ

ይህ ትምህርት በአገራችን ሥራ የሚያገኝበት ቦታ አለ። በጣና ሐይቅ ላቤዮባርበስ በሚል የሳይንስ ስም የሚታወቁ ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በገቡበት ጊዜ፣ በወንዞቹ አፍ ላይ ለመራባት የሚጓዘው ዓሣ ስለተያዘ ቁጥሩ እጅግ ቀንሷል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ2003 የወጣ የፌዴራል አዋጅ አለ። ከሱሚሎን እንደተማርነው ግን ደንብ ብቻውን ባለቤት የሌለውን ውኃ አይጠብቅም።

በሐይቅ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ የውኃውን ሙቀትና ጥራት ቢለካ፣ ወደ ገበያ የሚወጣውን ዓሣ ርዝመት ቢመዘግብ፣ ውጤቱንም በዓመት አንድ ቀን ለአስጋሪ ወላጆች ቢያቀርብ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አካባቢው የራሱ የሆነ ማነጻጸሪያ ይኖረዋል። ለጥራቱ መለኪያ በገመድ የታሠረ ነጭ ሳህን ይበቃል። ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት መጻፍ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

በጽሑፉ መግቢያ እውቀት ሥራ ላይ የሚውለው መቼ እንደ ሆነ ጠይቀን ነበር። ሱሚሎንና አፖ የሰጡን መልስ ይህ ነው፤ እውቀት ሥራ ላይ የሚውለው ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው ለውጡን በዓይኑ ሲያይ፣ በእጁ ሲለካና ውሳኔውም የእርሱ ሲሆን ነው። የሳይንስ ምሁራን ድርሻ መለኪያውን ማቀበልና ንጽጽሩን ማመቻቸት ነው፤ ባሕሩን የሚጠብቀው በዳሩ የሚኖረው ሰው ነውና።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ሜትር ውኃ ከሚገባበት ብርሃን 80 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ በ5 ሜትር ጥልቀት ከብርሃኑ ስንት በመቶ ይቀራል?

2. የአንድ ሪፍ በጣም ሞቃት ወር አማካይ ሙቀት 28.5 ዲግሪ ነው። በአምስት ተከታታይ ሳምንታት 29.0፣ 29.7፣ 30.0፣ 30.1 እና 29.2 ዲግሪ ተለካ። የዲግሪ-ሳምንቱ ድምር ስንት ነው? ንጣት ይጠበቃል?

3. ፒኤች ከ8.2 ወደ 8.1 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮን መጠን በስንት በመቶ ይጨምራል?

4. በባቄላው ጨዋታ ሳህኑ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ እንዲጀምር አራቱ ተማሪዎች በየዙሩ ቢበዛ ስንት ስንት ሊወስዱ ይችላሉ?

መልስ፦ 1) 33 በመቶ ገደማ። 2) 4.3፤ ከ1 ዲግሪ በታች የሆነው ትርፍ ስለማይቆጠር የሚደመሩት ሦስቱ ሳምንታት ብቻ ናቸው፤ ንጣት ይጠበቃል። 3) 26 በመቶ ገደማ። 4) እያንዳንዳቸው 5።